ሰው ለመናገር ይከፈለዋል እንዴ?



በዚህ ወር የምናወጋችሁ ከጌጫ በደረሰን ደብዳቤ መነሻነት ነው። ጌጫን ለማታውቋት፣ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ቴፒ ላይ ላቡን ሲጠርግ የዋለ መንገደኛ ጌጫ ሲደርስ ጋቢውን ይፈልጋል።

ደብዳቤውን የጻፈልን ወንድማችን ተወልዶ ያደገው እዚያው ጌጫ ነው። አሁን በአንድ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ መምህር ሲሆን፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ብዕሩን ያነሳው ለዒድ ወላጆቹ ዘንድ በሄደበት ሰሞን ነበር። ጽሑፉ ሦስት ገጽ ስለሆነ አሳጥረን እናቅርበው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት በቴፒ አካባቢ ለሚገኙ ቡና አምራቾች ግማሽ ቀን ስለ ቡና አለቃቀምና አደራረቅ እንዲያስረዳ ጠራው። እሱም ቀዩን እሸት ብቻ መልቀም ለምን እንደሚያስፈልግ፣ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈርና የሻጋታ ጠረን እንዴት እንደሚይዝ፣ በአልጋ ላይ የሚደርቅ ቡና እርጥበቱ ወደ 12 ከመቶ እስኪወርድ ለምን እንደሚጠበቅ አስረዳ። ገበሬዎቹ ሳቁ፣ ጠየቁ፣ ተከራከሩት። ሲጨርስ ፖስታ ሰጡት። ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው በውስጡ ያለው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሩብ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ግብዣ ሌላውን እየሳበ መጣ። የገበሬዎች ማኅበር ጠራው፤ ባንክ ጠራው፤ የተመራቂዎች ዝግጅት ጠራው፤ በመጨረሻም አዲስ አበባ ላይ ለወጣቶች «አነቃቂ ንግግር» እንዲያደርግ ተጋበዘ። አሁን በወር ሦስትና አራት ጊዜ ይናገራል።

ችግሩ የመጣው በሦስት ሰዎች አንደበት ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ «ክፍል ውስጥ የምናገኝህ መቼ ነው?» አሉት። ባለቤቱ፣ «ቅዳሜና እሁድን ለሰው ሰጥተህ ለእኛ ድካምህን ይዘህ ትመጣለህ» አለችው። አባቱ ደግሞ ጌጫ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ልጃቸው ስለ አዲሱ ሥራው ሲያጫውታቸው ቆይተው፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ሰው ለመናገር ይከፈለዋል እንዴ?»

ወንድማችን የሚጠይቀን፣ «ይህን ነገር ሙያ አድርጌ ከመምህርነቴ ጎን ልያዘው ወይስ ልተወው?» እያለ ነው። መልሳችንን በደብዳቤ አስቀድመን ልከንለታል። ጉዳዩ የብዙዎቻችሁም ጉዳይ መሆኑን ስለተረዳን ግን እዚህ ሰፋ አድርገን አቅርበነዋል።

ከአባትየው ጥያቄ እንነሳ። እኒህ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ድንበር የተጋፋ፣ ሚስቱን ያስቀየመ፣ ገንዘብ የተካካደ ሁሉ ደጃቸው ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ተናግረው፣ ቡና ጠጥተው፣ ተመርቀው ይመለሳሉ። ንግግር ለእሳቸው ሰው ለሰው የሚያደርገው ነገር እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያቸው የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም። ትልልቅ ዑለማዎችም ተከራክረውበታል።

የሐነፊ መዝሀብ ቀደምት ሊቃውንት ቁርኣን ለማስተማር ክፍያ መቀበልን ከልክለው ነበር። ኋለኞቹ የመዝሀቡ ሊቃውንት ግን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ለአስተማሪዎች ይሰጥ የነበረው ድጎማ ሲቋረጥ፣ ትምህርቱ ጭራሹን እንዳይጠፋ ሲሉ ፈቀዱ። የማሊክና የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ደግሞ ከቀድሞም የፈቀዱ ናቸው። ይህ ሁሉ ክርክር የዲን ትምህርትን የሚመለከት ነው። ስለ ቡና አደራረቅ ወይም ስለ ወባ መከላከል በማስረዳት ዋጋ መቀበል ግን እንደ ማንኛውም የጉልበትና የዕውቀት ሥራ ነው፤ ማንም አላወገዘውም። ወንድማችን ሆይ፣ በመስጂድ የምታደርገውን ምክርና በአዳራሽ የምትሰጠውን ሥልጠና አትቀላቅላቸው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት የከተተ ሰው ውሎ አድሮ የትኛውን ለማን ብሎ እንደሚናገር ይጠፋበታል።

እዚህ ላይ የኢማም አል-ገዛሊን ታሪክ ማንሳት ግድ ይለናል። በ484 ዓ.ሂ. (1091 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ተሾሙ። በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ የመምህርነት ወንበር አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ488 ዓ.ሂ. ወንበሩን ጥለው ወጡ። ስለ ራሳቸው ሕይወት በጻፉት መጽሐፍ እንዳብራሩት፣ ውስጣቸውን ሲመረምሩ እንዲያስተምሩ የሚገፋቸው ዝናና ክብር ሆኖ አገኙት። ጭንቀቱ ከመበርታቱ የተነሳ ምላሳቸው ተያዘ፤ ተማሪዎች ፊት ቆመው አንዲት ቃል ማውጣት ተሳናቸው። የሚገርመው ግን ታሪኩ በዚያ አለማብቃቱ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በ499 ዓ.ሂ. ኒሻፑር ላይ ወደ ማስተማሩ ተመልሰዋል። እንግዲህ ያስጨነቃቸው ማስተማሩ ራሱ ሳይሆን የሚገፋቸው ነገር ነበር ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ በባግዳድ የኖሩት ኢብኑል ጀውዚ ናቸው (በ597 ዓ.ሂ. ያረፉ)። በመድረሳ ያስተምራሉ፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይም ይናገራሉ። ከአንደሉስ የመጣው መንገደኛ ኢብን ጁበይር በ580 ዓ.ሂ. (1184 እ.ኤ.አ.) ንግግራቸውን ተገኝቶ አድምጦ፣ ሕዝቡ እንዴት ያለቅስ እንደነበር በአድናቆት መዝግቦታል። እኒሁ ሰው ስለ ሰባኪዎችና ስለ ተረት ነጋሪዎች መጽሐፍ ጽፈዋል። በመጽሐፉም ሰውን ለማስለቀስና ኪስን ለመሙላት ሲሉ ያልተነገረን ሐዲስ የሚፈጥሩትን አጥብቀው ወቅሰዋል። እሳቸው ራሳቸው መድረክ ላይ የሚወጡ ስለነበሩ፣ የመድረክን ፈተና ያውቁታል።

ያ ፈተና ዛሬም አለ። «አነቃቂ ንግግር» የሚለው ስም በአገራችን እስከ መቀለጃነት የደረሰው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁጥር፣ ተፈጸመ የተባለ ግን ማንም ያላየው የሀብታም ታሪክ፣ «አስብ፣ ትሆናለህ» የሚል ጩኸት በዝቷል። በዚህ መካከል ተደማጭነታቸው የቆየውን ስንመለከት፣ ከንግግሩ በስተጀርባ ሙያ ያላቸው ሆነው እናገኛቸዋለን። ዶክተር ምሕረት ደበበ የአእምሮ ሐኪምና «የተቆለፈበት ቁልፍ» የተሰኘው መጽሐፍ ደራሲ ናቸው። ዶክተር ወዳጄነህ ማሃረነም በሕክምና የሠለጠኑ ናቸው። ከመድረክ ሲወርዱ የሚመለሱበት ሙያ አላቸው።

ወንድማችን በቴፒ ገበሬዎች ፊት ቆሞ ስለ ጀንፈልና ስለ ሻጋታ ሲናገር ማንም አይተካውም። አዲስ አበባ ላይ ስለ «ስኬት ምስጢር» ሲናገር ግን እንደ እሱ የሚናገር ሌላ መቶ ሰው አለ። ደብዳቤውን ደጋግመን ስናነበው፣ ያስጨነቀው ሁለተኛው ዓይነት ሆኖ ታይቶናል። ከቴፒው ግማሽ ቀን ስለ ቡናው ሁለት ሙሉ አንቀጽ ሲጽፍልን፣ ከአዲስ አበባው መድረክ ግን የጻፈልን ስለ አዳራሹ ስፋት ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራው ሦስት ነው፤ ማስተማር፣ መመራመርና ማኅበረሰብን ማገልገል። በአገራችን የመምህራን የማስተማር ጭነት በሳምንት 12 ሰዓት አካባቢ ስለሚቆጠር፣ ከውጭ የሚያይ ሰው ቀሪው ሁሉ ትርፍ ጊዜ ይመስለዋል። ጥያቄ አዘጋጅቶ፣ ፈተና አርሞ፣ የተመራቂዎችን ጽሑፍ አንብቦ የሚያመሽ ግን ያውቀዋል። ስለዚህ ወንድማችን ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው «ስንት ይከፈለኛል?» ከማለቱ በፊት «የምሸጠው የማንን ሰዓት ነው?» ብሎ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪ እየጠበቀው እሱ በሆቴል አዳራሽ ከተገኘ፣ የሸጠው የተማሪዎቹን ሰዓት ነው። ለዚያ ሰዓት ደመወዝ ስለሚከፈለው ሁለት ጊዜ ሸጦታል። የመሥሪያ ቤቱን ውሎ አበል ተቀብሎ በዚያው ጉዞ ከጋባዡም ክፍያ የሚወስድ ሰውስ? እንዲህ ያለው ነገር በየቦታው የተለመደ መሆኑን እናውቃለን። የተለመደ መሆኑ ግን ሐላል አያደርገውም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የተቆጡት በቅናት ነው ብሎ ጽፎልናል። ምናልባት። እኛ ግን እንዲህ አልነው፤ ከወር በፊት የሚናገርበትን ቀን ዘርዝረህ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቅ፤ የሚያመልጥህ ክፍለ ጊዜ ካለ የምታካክስበትን ቀን እዚያው ላይ አስፍር፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተፈቀደ ነገር ኃላፊ ሲቀየር በቃል ይሻራል። ለምሳሌ ያህል፣ የገበሬዎቹ ሥልጠና ያለ ክፍያ ወይም በዩኒቨርሲቲው ስም ቢካሄድ እንደ ማኅበረሰብ አገልግሎት ሊቆጠርለት ይችል ይሆናል። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሁለት ተቋማት ተዋህደው ሲመሠረት ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር ማያያዝን መለያው አድርጎ ነው የተነሳው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. በዚያ ቡና አምራች ምድር ሲቋቋም ሰዉ የጠበቀው ዲግሪ ብቻ አልነበረም።

ስለ ዋጋ ጠይቆናል። ብዙ ጨዋ ሰዎች ዋጋ መጥራት ያፍራሉ፤ «እናንተ የምታውቁትን» ብለው ይሄዳሉ፤ ፖስታው ሲሳሳ ደግሞ መንገድ ለመንገድ ሲብሰለሰሉ ይመለሳሉ። በፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ የቅጥር ውል ሲደረግ ዋጋው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህ ለጋባዡም ለተጋባዡም ዕረፍት ነው። ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ርዕሱ ምንድን ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ክፍያው ስንት ነው፣ መጓጓዣና ማደሪያ በማን ነው፣ ዝግጅቱ ቢሰረዝ ምን ይደረጋል፣ ንግግሩ በቪዲዮ ከተቀረጸ ማን ይጠቀምበታል። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል።

ዋጋውን ሲያሰላም የሚናገርባትን አንዲት ሰዓት ብቻ አይቁጠር። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ቀን ለመሄድ፣ አንድ ቀን ለመዋል፣ አንድ ቀን ለመመለስ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ለዝግጅት አሥር ሰዓት ቢያስፈልገው፣ «የአንድ ሰዓት ንግግር» ያልነው ሦስት ቀንና አሥር ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አዲስ አበባ የሚከፈለው ከቴፒው በእጥፍ ቢበልጥ እንኳ፣ ቴፒ ላይ ተናግሮ ለመግሪብ ቤቱ የሚገባበት ቀን የበለጠ ያተርፋል። እስኪ በወረቀት ላይ አስሉት።

ይህ ገቢ በየወሩ እኩል የሚመጣ እንዳይመስለው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገበሬው ቡናው ላይ ስለሆነ ለስብሰባ አይመጣም። በረመዳን ግብዣው ሁሉ የነፃ ነው፤ ይሁንለትም። ክረምት ላይ የዚያ አገር ዝናብ መንገዱን አያስኬድም። በአንጻሩ ሰኔ ሲመጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጀታቸው ሳይዘጋ ሥልጠና ለመስጠት ስለሚሯሯጡ በአንድ ሳምንት አራት ቦታ ይጠሩታል። ስለዚህ የቤት ኪራይና አስቤዛ በደመወዝ ይሸፈን፤ የንግግሩ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። የግብር ነገርም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው አገልግሎት ሰጪ 30 ከመቶ ተቀናሽ እንዲደረግ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ መጠኑን በአቅራቢያው ካለው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ቁጥሩን ግን ከሁሉ በፊት ያውጣ።

አንድ ነገር ከራሳችን ላይ እንናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆች ስለ ልጆች አስተዳደግ እንድንናገር ተጋብዘን ነበር። አዳራሹ ቀዝቀዝ ሲልብን፣ ለዓምዳችን ከተላከ ደብዳቤ ያነበብነውን የአንድ ልጅ ታሪክ አወጋን። ከቤት ገንዘብ እየሰረቀ ያስቸገረ ልጅ ነበር። ስሙን ቀይረናል፤ ሰፈሩን፣ ዕድሜውንና የሰረቀበትን ሣጥን ግን አልቀየርንም። ሰዉ ሳቀ። ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት እናት ሻርፗን አስተካክላ ተነሥታ ወጣች። ደብዳቤውን የጻፈችልን እሷ ነበረች። በማግሥቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ቤቷ ሄድን። ቡና አፈላችልን፤ ስለ ነገሩ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ጽፋልን አታውቅም።

ይህን የምናነሳው መምህር ከሌላው ተናጋሪ ይልቅ ለዚህ ጥፋት ቅርብ ስለሆነ ነው። ተማሪ ምስጢሩን ያወራዋል፤ ገበሬ የቤቱን ችግር ይነግረዋል። መድረክ ላይ ታሪክ ሲጠፋ ደግሞ እጁ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ፈቃድ ያላገኘበትን የሰው ታሪክ ከንግግሩ ያውጣ። ንግግሩ ከሰለሰለም ይስለስል።

ወደ ባለቤቱ ስሞታ እንመለስ። እህታችን ገንዘቡን አልጠላችም፤ ደብዳቤው ራሱ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ እንደተከፈለ ይናገራል። የቸገራት ማንኛዋ ቅዳሜ የእሷ እንደሆነች አለማወቋ ነው። ስለዚህ በወር ሁለት ግብዣ ብቻ እንዲቀበል፣ የትኞቹን እንደሚቀበልም ከእሷ ጋር ተቀምጦ እንዲወስን መክረነዋል። ሦስተኛው ጋባዥ ሲደውል፣ «ከቤተሰቤ ጋር ተማክሬ ነገ እመልስልዎታለሁ» ይበል። ይህን የሰማ ጋባዥ ሲንቀው አላየንም። ታላቋን ልጁን አንዳንዴ ወደ ቴፒ ይዟት ቢሄድስ? አባቷ በየሳምንቱ የሚጠፋው የት እንደሆነ ታየዋለች።

በነገራችን ላይ፣ መምህርት የሆኑ እህቶቻችንም ጽፈውልናል። የእነሱ ስሞታ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሙያቸው የሚጠራቸው የለም። በዓመት አንዴ በሴቶች ቀን ይጠሩና «ስለ ሴትነት» እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። የአፈር ሳይንስ የተማረችን ሴት ስለ አፈር ብትጠይቋት ምን አለ? ይህን በሌላ ወር እንመለስበታለን ኢንሻአላህ።

የንግግር ችሎታን በተመለከተ ብዙ አልጻፍንለትም፤ ገበሬን ያሳቀ ሰው ብዙ አይጎድለውም። አንድ ምሳሌ ግን ልከንለታል። ስለ ኤሌክትሪክ ባደረገው ምርምር የሚታወቀው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በለንደን ለሕዝብና ለልጆች በሚሰጠው ንግግርም ስመ ጥር ነበር። ይሁንና አንደበቱን ለማስተካከል አስተማሪ ቀጥሮ ተምሯል፤ አስተማሪውም አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ጉድለቱን እንዲነግረው ያደርግ ነበር። ሲፈጥን እንዲያስታውሰው «ቀስ» የሚል ካርድ ፊት ለፊቱ ያስቀምጥ እንደነበርም ይነገራል። ሁልጊዜ የሚጨበጨብለት ሰው ጉድለቱን የሚነግረው አንድ ታማኝ ሰው ካላዘጋጀ፣ ከጭብጨባው የሚማረው የለም። «አንተስ ማን አለህ?» ብለን ጠየቅነው። በዚያው ደብዳቤ ላይ ጌጫ ላለው ትምህርት ቤት በነፃ እንዲናገር፣ አባቱንም እንዲጋብዛቸው ለመንነው። ላሳደገችው ከተማ እስካሁን አንድም ጊዜ አልተናገረም ነበርና።

ይህን ዓምድ ለማተሚያ ቤት ልንልክ ስንል ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። የጽሑፍ ፈቃዱን አግኝቷል፤ ኃላፊው ሁለቱን ቀን ፈቅደው አንዱን ከልክለውታል። የአዲስ አበባውን ግብዣ ትቶታል። ባለቤቱ በቀን መቁጠሪያው ላይ የእሷን ቅዳሜዎች በቀይ እስክሪብቶ አክብባባቸዋለች፤ አንዱን እሷው ራሷ ሰርዛ ለቴፒ ገበሬዎች ሰጥታለች። ጌጫም ሄዶ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ልጆች የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንደሚያልፉ ለተማሪዎቹ ተናግሯል። አባቱ ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲወጡ አጨብጭበው እንደሆነ አልጻፈልንም። ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ምን እንዳሉት ግን ጽፎልናል፤

«ያልከው መልካም ነው። ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፅህን አላነሳህም፤ እኛ ኋላ ያለነው ግማሹን አልሰማንህም።»